ለብስክሌት የሚሆን የፀሐይ መነጽር፦ ጠዋትም ማታም ፀሐይ ፊት ለፊት ለሚገጥመው ሰው ምን ይሻላል?

መንገደኛው ከአየር ጤና

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የብስክሌት ወዳጆች።

ከአየር ጤና ተነሥቼ በጦር ኃይሎች፣ በልደታና በሜክሲኮ በኩል፣ መስቀል አደባባይ አቅራቢያ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤቴ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። መንገዴ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ማታ ወደ ምዕራብ የሚያመራ በመሆኑ፣ ስሄድ የምትወጣው ፀሐይ፣ ስመለስ ደግሞ የምትጠልቀው ፀሐይ በቀጥታ ዓይኔ ውስጥ ትገባለች። እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ወደ እንጦጦ እንወጣለን፤ አንዳንዴም እስከ ሱሉልታ እንዘልቃለን። በዚያን ጊዜ ችግሩ ይለወጣል። ሜዳው ላይ ብርሃኑ ያጥበረብራል፤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ ግን መነጽሩ ከመጥቆሩ የተነሣ የዛፉን ሥርና ድንጋዩን ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

አሁን የማደርገው ለከተማ መዋያ የተሠራ ተራ የፀሐይ መነጽር ነው። ቁልቁለት ላይ ነፋሱ በጎን እየገባ ዓይኔን ያስነባዋል፤ ከሲኖትራክ ኋላ የሚነሣው አቧራም በዚያው ክፍተት ይገባል። ስለዚህ ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ መነጽር ለመግዛት ወስኛለሁ፤ ነገር ግን የዓይነቱ ብዛትና የዋጋው ልዩነት ግራ አጋብቶኛል። ጎዳና ላይ የሚሸጠውም ሆነ በመነጽር ቤት በብዙ እጥፍ ዋጋ የሚሸጠው ሁለቱም «ዩቪ 400» የሚል ተለጣፊ አላቸው።

ሌንሱ ምን ያህል ጥቁር ቢሆን ይመረጣል? ቀለሙስ ግራጫ፣ ቡናማ ወይስ ቢጫ ይሁን? ፖላራይዝድ የሚባለው ለብስክሌት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ተለጣፊው እውነት መሆኑን ማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድስ አለ? ሁለት መነጽር ለመግዛት አቅሜ ስለማይፈቅድ፣ ለሁለቱም ጉዞ የሚሆን አንድ መነጽር ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። ለምትሰጡኝ ምክር ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ብርሃን ለዓይን

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። በሙያዬ ኦፕቶሜትሪስት (የእይታ መርማሪ) ስሆን ብስክሌትም እነዳለሁ፤ ስለዚህ ጥያቄዎ በሁለት በኩል ይመለከተኛል።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ በገበያ ላይ ያለው ግራ መጋባት የሚመጣው እነዚህ ሁለቱ ሲደባለቁ ነውና። አንዱ የሚያጥበረብረን፣ በዓይን የሚታየው ብርሃን ነው። ሌላው የአልትራቫዮሌት (ዩቪ) ጨረር ነው፤ ይህኛው አይታይም፣ ዓይን ውስጥ ሲገባም አይታወቅም። የሌንሱ ጥቁረት የሚነግረን ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። እጅግ የጠቆረ ሌንስ ጨረሩን ምንም ላያግድ ይችላል፤ እንደ ውኃ የጠራ፣ ፖሊካርቦኔት ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ደግሞ አብዛኛውን ጨረር ያስቀራል፤ ቁሱ በተፈጥሮው ጨረሩን ይውጣልና። እንዲያውም ጨረር የማያግድ ጥቁር ሌንስ ከባዶ ዓይን የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ ከጥቁሩ ሌንስ ኋላ የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ፣ ያልታገደው ጨረር በሰፋው በር ይገባል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለደጋ ነዋሪዎች ቀላል አይደለም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ላይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆንን፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናታችን ብዙም አትርቅም። አየሩ ቀዝቀዝ ማለቱ ወይም ስስ ደመና መኖሩ ጨረሩ ቀንሷል ማለት አይደለም። ለብዙ ዓመታት የሚጠራቀም ጨረር ለዓይን ሞራ ከሚያጋልጡ ምክንያቶች አንዱ ነው። ከነጩ የዓይን ክፍል ተነሥቶ ወደ ጥቁሩ እያደገ የሚሄደው ሥጋ መሰል ነገር፣ በሕክምና ስሙ ፕተሪጂየም የሚባለው፣ በፀሐይ፣ በነፋስና በአቧራ ውስጥ በሚውሉ ሰዎች ላይ ይበዛል። ብስክሌተኛ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዞ ልመለስ። የሥራ ቀን መንገድዎና የእሑዱ መንገድ የሚፈልጉት ነገር የተለያየ ነው። ፀሐይ ልትወጣ ወይም ልትጠልቅ ስትል ብርሃኗ በአየሩ ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚያልፍ አልትራቫዮሌቱ አነስተኛ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያስቸግርዎት ማጥበርበሩ ነው። እሑድ ረፋድ ላይ ግን ጨረሩ ራሱ ዋናው ጉዳይ ይሆናል። ብዙ ሰው አደገኛው ሰዓት እኩለ ቀን ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ቅንድብና ግንባር ዓይንን ስለሚከልሉት፣ ረፋድ ላይና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ገደድ ብላ ስትመጣ ወደ ዓይን የሚገባው ጨረር ከጠበቅነው በላይ ሊሆን ይችላል። በጎን የሚገባውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ነፋሱን ያስገባው የመነጽርዎ የጎን ክፍተት ጨረሩንም እያስገባ ነበር፤ ፊትን ተከትሎ የሚታጠፍ መነጽር መምረጥዎ በሁለቱም ምክንያት ትክክል ነው።

ስለ ጥቁረቱ፣ አይኤስኦ 12312-1 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ሌንሶችን ከ0 እስከ 4 በአምስት ደረጃ ይከፍላቸዋል። ደረጃ 0 ከሚታየው ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ ያሳልፋል፤ ደረጃ 1 ከ43 እስከ 80፣ ደረጃ 2 ከ18 እስከ 43፣ ደረጃ 3 ከ8 እስከ 18፣ ደረጃ 4 ደግሞ ከ3 እስከ 8 በመቶ ብቻ ያሳልፋሉ። ደረጃ 4 ለበረዶና ለከፍተኛ ተራራ የታሰበ በመሆኑ ተሽከርካሪ ለመንዳት አይፈቀድም፤ ለብስክሌትም ፈጽሞ አልመክረውም። ገበያ ላይ የሚበዛው ደረጃ 3 ለሱሉልታ ሜዳ ጥሩ ነው፤ ባሕር ዛፍ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ግን አሁን የገለጹትን ችግር ያስከትላል። አንድ ሌንስ ብቻ መግዛት ካለብዎት፣ ምርጫዬ ቡናማ ቀለም ያለው ደረጃ 2 ነው። ቡናማው ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚቀንስ የጥላና የብርሃን ልዩነት ጎልቶ ይታያል፤ ጉድጓድ፣ ጠጠርና የአስፋልት ስንጥቅ ቶሎ ይለያሉ። ግራጫ ቀለምን ሳይለውጥ ያሳያል፣ ነገር ግን የመንገዱን ወጣ ገባ እንደ ቡናማው አያጎላም። ቢጫ ለጭጋግና ለደመናማ ቀን ይሆናል እንጂ ለጨለማ አይሆንም፤ «ለማታ መንጃ» ተብሎ የሚሸጠው ቢጫ መነጽር ያለውን ጥቂት ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ደማቅ ሰማያዊና ደማቅ ቀይ የትራፊክ መብራትን ቀለም ስለሚያዛቡ ይተዉአቸው።

ተለጣፊው ወረቀት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ዩቪ 400 ማለት እስከ 400 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ድረስ ያለው ጨረር ይታገዳል ማለት ነው፤ ይህን ማረጋገጥ የሚቻለው በመለካት ነው። በአንዳንድ መነጽር ቤቶች ሌንሱ ሲገባበት የሚያልፈውን ጨረር በጥቂት ሰከንድ የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ መነጽሩን ይዘው ሄደው እንዲለኩልዎት ይጠይቁ። አንዳንድ ሰዎች የሐሰት የብር ኖት መለያውን ሐምራዊ መብራት ይጠቀማሉ፤ መብራቱ በሌንሱ በኩል ሲያርፍ የተሰወረው ጽሑፍ ካላበራ ሌንሱ አግዷል ይላሉ። ዘዴው መሠረት አለው፤ ሆኖም ርካሾቹ መብራቶች የሚሰጡት ብርሃን ወደ 400 ናኖሜትር የተጠጋ በመሆኑ ጥሩውን ሌንስ መጥፎ ሊያስመስሉት ይችላሉና እንደ መጨረሻ ፍርድ አይውሰዱት።

ዋጋ ስለ ጨረር ማገድ ብዙ አይነግረንም፤ ጨረርን የሚያግድ ፕላስቲክ ውድ ነገር አይደለም። የዋጋው ልዩነት የሚታየው በሌንሱ ጥራት ላይ ነው። መነጽሩን በክንድዎ ርቀት ይዘው የበር መቃንን በሌንሱ በኩል ይመልከቱና ቀስ ብለው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት። መስመሩ ከታጠፈ ወይም ከተወዛወዘ፣ እንዲህ ባለ መነጽር ረጅም ጉዞ መሄድ ራስ ምታትና የዓይን ድካም ያመጣል፤ ርቀትን መገመትንም ያዛባል።

አሠልጣኝ ከጣና ዳር

ባለሙያው በሰጡት ማብራሪያ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው መነጽሩ ፊት ላይና ሄልሜት ሥር እንዴት መቀመጥ እንዳለበት ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ወጣቶችን ሳሠለጥን ብዙ ጊዜ የምደክመው በዚህ ላይ ነውና።

ወጣቶቹ መነጽር የጌጥ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከሄልሜት ቀጥሎ የማዝዘው መነጽር ነው። በጣና ዳር ሲመሽ የሚነሣውን የትንኝ መንጋ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ይረዳል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየወረዱ አንዲት ትንኝ ዓይን ውስጥ ብትገባ ጋላቢው ዓይኑን ይጨፍናል፣ እጁን ከመሪው ያነሣል፣ ከኋላው ያለውም ይጋጨዋል። ከመኪና ጎማ ተስፈንጥሮ የሚመጣው ጠጠር ደግሞ የበለጠ ያሰጋል። በዚህ የተነሣ ከመስታወት የተሠራ ሌንስ ለብስክሌት አይሁን። ፖሊካርቦኔት ለፋብሪካ ሠራተኞች መከላከያ መነጽር የሚሠራበት ቁስ ነው፤ ሲመታ ይሰረጎዳል ወይም ይሰነጠቃል እንጂ ተሰባብሮ ዓይን ውስጥ አይበተንም።

ወንድማችን የሚነዱት ብስክሌት ኮርሳ ነው ወይስ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት? መልሱ የመነጽሩን ቅርጽ ይወስናል። ኮርሳ ላይ ጎንበስ ብሎ ወደ ፊት የሚያይ ሰው የሚያየው በሌንሱ የላይኛው ጫፍ በኩል ነው። ፍሬሙ ከላይ ወፍራም ከሆነ ወይም ሌንሱ አጭር ከሆነ፣ መንገዱን የሚጋርደው ፍሬሙ ራሱ ይሆናል፤ ጋላቢው ያንን ለማለፍ አንገቱን ሲያቀና ይውልና ማታ አንገቱን ያመዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከላይ ፍሬም የሌለው፣ ቁመቱ ረዘም ያለ ሌንስ ያስፈልገዋል። ቀጥ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ እንዲያውም ከላይ ጠቆር፣ ከታች ፈካ ያለ ሌንስ ሰማዩን ከልሎ መንገዱን ግልጽ አድርጎ ስለሚያሳየው ይጠቅመዋል። ኮርሳ ላይ ግን ያው ሌንስ መንገዱን በጥቁሩ ክፍል ስለሚያሳይ አይሆንም።

ለመግዛት ሲሄዱ ሄልሜትዎን ይዘው ይሂዱ። ጆሮ ላይ የሚያርፉት ዘንጎች ከሄልሜቱ የኋላ ማጥበቂያ ጋር ከተጋፉ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የጆሮዎ ጀርባ ይቆስላል። መነጽሩን አድርገው ጎንበስ ይበሉና ራስዎን በኃይል ይነቅንቁ፤ ከተንሸራተተ በላብ ጊዜ ጨርሶ አይቆምም። የአፍንጫና የጆሮ ማረፊያው ጎማ ቢሆን፣ የአፍንጫው ደግሞ ሊሰፋና ሊጠብ የሚችል ቢሆን ይመረጣል፤ በተለይ የአብዛኞቹ መነጽሮች ልክ ለሌላ ፊት የተለካ በመሆኑ ይህ ማስተካከያ ያለውን ይፈልጉ። ዓይንዎን ሲያርገበግቡ ሽፋሽፍትዎ ሌንሱን የሚነካ ከሆነ ተመልሰው ሌላ ይሞክሩ፤ የሽፋሽፍት ቅባት ሌንሱን ያለማቋረጥ ያደበዝዘዋል። ዘንጎቹ ደግሞ ከሄልሜቱ ማሰሪያ ውጭ ይሁኑ። በዚህ መንገድ አንድ እጅ ብቻ በመጠቀም ማውለቅ ይቻላል፣ በመውደቅ ጊዜም መነጽሩ ፊት ላይ ተጣብቆ አይቀርም።

ስለ ጉም አልተጠየቀም፤ ለእንጦጦ ዳገት ግን ወሳኝ ነው። ሰውነት በሚግልበትና ፍጥነት በሚቀንስበት ዳገት ላይ፣ ፊት ላይ የተጣበቀ ሌንስ ወዲያው ጉም ይለብሳል። ከላይና ከታች የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለውን፣ ከጉንጭም ትንሽ ራቅ ብሎ የሚቀመጠውን ይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን ወክሎ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈው ጽጋቡ ግርማይን ጨምሮ ትልልቅ ጋላቢዎች የሚወዳደሩባቸውን የተራራ ውድድሮች ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ረጅም ዳገት ላይ ብዙዎቹ መነጽራቸውን አውልቀው ሄልሜታቸው ቀዳዳ ላይ ይሰኩታል፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊትም መልሰው ያደርጉታል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ሲወጡ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ ሲገዙም ዘንጉ ሄልሜትዎ ቀዳዳ ውስጥ ጸንቶ መቀመጡን ይሞክሩ።

ፖላራይዝድ፣ ማለትም ከመንገድ ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ብርሃን የሚያግደውን ሌንስ፣ ለሠልጣኞቼ አልፈቅድም። በዝናብ ጊዜ የሚያንጸባርቀው ነገር፣ አስፋልቱ ላይ የፈሰሰ ዘይት ወይም ውኃ ያለበት ቦታ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው፤ ምልክቱን አጥፍቶ ተራ አስፋልት ማስመሰል ሁለት ጎማ ላይ ላለ ሰው አደጋ አለው።

የዴንቨሩ ሐበሻ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ነው የምኖረው፤ ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምት ላይ በረዶ ሲጨመርበት ደግሞ፣ አዲስ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚደርስ አልትራቫዮሌት መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ያለ መነጽር መንዳት ፈጽሞ አይታሰብም።

በፖላራይዝድ ጉዳይ ከአሠልጣኙ ጋር በአክብሮት እለያለሁ። ከእርጥብ አስፋልት፣ ከኩሬና ከመኪና መስታወት ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣው ብርሃን በአብዛኛው በአግድም የሚርገበገብ ሲሆን፣ ፖላራይዝድ ሌንስ የሚያግደው ይህንኑ ነው። ጠያቂያችን የሚነዱት በከተማ አስፋልት ላይ፣ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት በምትመጣበት ሰዓት ነው። በክረምት ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ እርጥቡ መንገድ በሙሉ አንድ ብርሃን ሆኖ ጉድጓዱም፣ እግረኛውም፣ ባጃጁም አብረው ይጠፋሉ። በዚያ ሰዓት ከዘይት ነጠብጣብ ይልቅ እግረኛውን አለማየት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እርግጥ ነው፣ የስልክና የብስክሌት ኮምፒውተር ስክሪን በፖላራይዝድ ሌንስ በአንዳንድ አቅጣጫ ጠቁሮ ሊታይ ይችላል፤ ከመግዛትዎ በፊት ስልክዎን ብስክሌቱ ላይ በሚያስሩበት አቅጣጫ ይዘው በሌንሱ በኩል ይመልከቱት።

ሁለት መነጽር መግዛት ለማይፈልግ ሰው ሌላው አማራጭ በፀሐይ ራሱ የሚጠቁረው ፎቶክሮሚክ ሌንስ ነው። ለብስክሌት የተሠሩት ከደረጃ 1 ወይም ከዚያ ፈካ ካለው ተነሥተው እስከ ደረጃ 3 የሚደርሱ አሉ። የሚያጠቁራቸው አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሆነ መኪና ውስጥ በደንብ አይሠሩም፤ ብስክሌት ላይ ግን መስታወት ስለማይጋርዳቸው ያለ ችግር ይሠራሉ። ድክመታቸው ፍጥነታቸው ነው። ለመጥቆር አንድ ደቂቃ እንኳ ላይፈጁ ይችላሉ፤ መልሰው ለመፍካት ግን ደቂቃዎች ይፈልጋሉ። በድልድይ ሥር ወይም በዋሻ ለሚያልፍ ሰው አይደርሱለትም። እንጦጦ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ጥላ ውስጥ ስለሚቆዩ ይረዱዎታል፤ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ግን በዝግታ ይግቡ። ብርዱ ሲጠነክር ይበልጥ ይጠቁራሉ፣ ለመፍካትም ይዘገያሉ፤ በሙቀት ደግሞ እስከ መጨረሻው አይጠቁሩም። የአዲስ አበባ አየር ከሁለቱም መሃል ስለሆነ ለእነርሱ ተስማሚ ነው። በሌላ በኩል፣ ጨረሩ አነስተኛ በሆነበት በማለዳና በምሽት ብርሃን ብዙም ስለማይጠቁሩ፣ ለሥራ ቀን ጉዞዎ የሚጠብቁትን ያህል አያገለግሉም።

ለዚያኛው ጉዞ ከማንኛውም ሌንስ በላይ የሚረዳዎት ከሄልሜት ሥር የሚደረግ፣ አጭር ግንባር ያለው የብስክሌት ቆብ ነው። ከአድማስ ትንሽ ከፍ ያለችን ፀሐይ በቀጥታ ለማየት የሚያስችል መነጽር የለም፤ ቆቡ ግን ራስን ትንሽ ዝቅ በማድረግ ብቻ ፀሐይዋን ከልሎ መንገዱን ያሳያል። ዋጋውም ከመነጽር ጋር አይወዳደርም። አንድ ነገር ደግሞ አደራ ልበልዎት፦ ፀሐይ በእርስዎ ፊት ስትሆን ከኋላዎ በሚመጣው ሹፌር ፊትም ናት፤ የእርሱ የፊት መስታወት ደግሞ አቧራ የለበሰ ሊሆን ይችላል። እርስዎ በመነጽርዎ በደንብ እያዩ እርሱ ግን እርስዎን ላያይ ስለሚችል፣ በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ የኋላ መብራት በቀንም ያብሩ።

ከውጭ አገር ዘመድ ሊልክልዎት ከሆነ፣ ከአውሮፓ በሚገዛው ላይ የሲኢ ምልክቱ (የአውሮፓን የደኅንነት ደንብ ማሟላቱን የሚገልጸው) እና የደረጃ ቁጥሩ በዘንጉ ውስጠኛ ክፍል ታትመው ይገኛሉ። በአሜሪካ የሚሸጡ የመነጽር ሌንሶች ደግሞ መመታትን መቋቋማቸው የሚፈተነው፣ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የብረት ኳስ ከ1.27 ሜትር ከፍታ ላይ ተጥሎባቸው ነው። እነዚህ ምልክቶች አስመስለው በተሠሩ ዕቃዎች ላይም ስለሚታተሙ፣ ላኪው ከታወቀ ሱቅ እንዲገዛ ይንገሩት።

ባለ መነጽሯ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ዓይናቸው ያለ መነጽር ለሚያይ ሰዎች ነው። እኔ ሩቁን ለማየት የሐኪም መነጽር የግድ ያስፈልገኛል፤ እንደኔ ያሉ አንባቢዎች ስለሚኖሩ ያሉንን መንገዶች ልጨምር።

አንደኛው፣ ከስፖርት መነጽሩ ኋላ የሚገጠም ትንሽ ፍሬም ሲሆን፣ የሐኪሙ ሌንስ የሚሠራው በዚያ ላይ ነው። የፊቱን ሌንስ እንደ ብርሃኑ መቀያየር ስለሚያስችል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሌንሶች ፊትና ኋላ ስለሚሆኑ ጉም ይበዛባቸዋል፣ ሽፋሽፍትንም ይነካሉ። ሁለተኛው፣ የሐኪሙን ቁጥር በራሱ በጨለም ያለው ሌንስ ላይ ማሠራት ነው። በዚህ ጊዜ ፊትን በጣም ተከትሎ የሚታጠፍ ፍሬም አትምረጡ። ሌንሱ ሲጎብጥ በጎን በኩል ምስሉ ይጣመማል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይህ ይብሳል። መጠነኛ መታጠፍ ያለውን ፍሬም ወስዳችሁ፣ ሌንሱ ፖሊካርቦኔት እንዲሆን በግልጽ ማዘዝና በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት እንዲለኩላችሁ ማድረግ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ኮንታክት ሌንስ አድርጎ ተራውን የስፖርት መነጽር መልበስ ነው፤ ነፋስና አቧራ ኮንታክቱን ስለሚያደርቁትና ስለሚያቆሽሹት፣ ይህን የሚመርጥ ሰው ጎኑ በደንብ የተዘጋ መነጽር ያስፈልገዋል።

እኔ ሁለተኛውን መንገድ መርጫለሁ፤ ቀለሙም ባለሙያው ያሉት ቡናማ ደረጃ 2 ነው። ከቤላ እስከ አራት ኪሎ ባለው መንገድ፣ በሕንፃ ጥላና በፀሐይ መካከል ስመላለስ አንድም ጊዜ ማውለቅ አላስፈለገኝም።

አሠልጣኝ ከጣና ዳር

ከዴንቨር ለመለሱልን ወንድማችን፦ ያነሡት የእግረኛው ነገር ከባድ ነው፤ በከተማ አስፋልት ላይ ለሚመላለስ ሰው ሐሳብዎን እቀበላለሁ። በቡድን ተጠጋግቶ በሚነዳበት ልምምድና በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ግን አቋሜ አልተለወጠም። ጠያቂያችን ሁለቱንም ስለሚያደርጉ፣ ሌንሱ የሚቀያየር መነጽር ገዝተው ለሥራ ቀን ፖላራይዝዱን፣ ለእሑድ ተራውን ቢያደርጉ ሁላችንም እንስማማለን። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት መነጽሮች ሁለት ወይም ሦስት ሌንስ ይዘው ነው የሚሸጡት፤ አንዱም አብዛኛውን ጊዜ የጠራው ነው። እኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ስለሚጨልም፣ ከመሥሪያ ቤት ያመሸ ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ያንን የጠራ ሌንስ ሊፈልገው ይችላልና ከቦርሳ አይታጣ።

መንገደኛው ከአየር ጤና

እጅግ አመሰግናለሁ። የምነዳው ቀጥ ብዬ የምቀመጥበትን ብስክሌት ነው። የአሠልጣኙን ሐሳብ ተቀብዬ ሌንሱ የሚቀያየር መነጽር እፈልጋለሁ፤ ዋናው ሌንስ ቡናማ ደረጃ 2 ይሆናል፣ በመነጽር ቤትም አስለካዋለሁ፤ ቆቡንና የኋላ መብራቱንም አብሬ እገዛለሁ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። በእኛ መንገድ አቧራ ስለሚበዛ የመነጽር ሌንስ ቶሎ ይጫጫራል። እንዴት ባጸዳው ዕድሜው ይረዝማል?

ብርሃን ለዓይን

ፖሊካርቦኔት መመታትን እንጂ መጫርን አይችልም፤ ስለዚህ ሲገዙ የጭረት መከላከያ ቅብ ያለው መሆኑን ይጠይቁ። ከላዩ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው ቅብ ቶሎ ስለሚላጥ ለአቧራማ መንገድ አልመርጠውም።

ሌንስን የሚያበላሸው በአብዛኛው አቧራውን በደረቁ በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ነው፤ አቧራው ጥቃቅን ድንጋይ ስለሆነ ሲፈተግ ይቆርጣል። መጀመሪያ ውኃ ያፍስሱበት፤ መንገድ ላይ ከሆኑ የሚጠጡት ውኃ ይበቃል። ቤት ሲደርሱ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጣትዎ አሻሽተው ካለቀለቁት በኋላ ለመነጽር በተሠራው ለስላሳ ጨርቅ ያድርቁት። አልኮልና አሴቶን ቅቡን ያበላሻሉ። ዲት የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት የትንኝ መከላከያ ቅባት ፕላስቲኩን ራሱን ስለሚያሟሟው፣ በተለይ እንደ ጣና ዳር ባሉ ቦታዎች ለሚነዱ ሰዎች ቅባቱን ተቀብተው እጅን ሳይታጠቡ ሌንስ መንካት አይገባም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና የፊት መስታወት ሥር ማስቀመጥም ቅቡን ይሰነጥቀዋል።

ጨረር የማገድ ኃይሉ በፖሊካርቦኔቱ ውስጥ ያለ በመሆኑ በጭረት አይጠፋም። ጭረቱ የሚጎዳው እይታን ነው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ እያንዳንዱ ጭረት ብርሃኑን ስለሚበትነው፣ በእርስዎ አቅጣጫ ለሚነዳ ሰው መሃሉ የተጫረ ሌንስ መንገዱን ይጋርድበታል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን፣ የዚያ ሞዴል መለዋወጫ ሌንስ ለብቻው እንደሚገኝ ይጠይቁት፤ ካልተገኘ ፍሬሙ ደኅና ሆኖ ሳለ ሙሉ መነጽር እንደገና መግዛት ይመጣል።